ለድንኳን የሚሆን ቦታ

ባሌ ድንኳኑን ገዝቶ የመጣ ቀን አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ባሌ ከረጢቱን ፈታ፣ ቀጫጭኖቹን ብረቶች ገጣጠመና ድንኳኑን ግቢው መሃል አቆመው። አባቴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀ።

ከልቡ ነው የጠየቀው። እሱ በሚያውቀው አገር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለለቅሶ ነው ወይ ለሰርግ፤ እኛ ቤት ደግሞ የሚዳር ሰው የለም፣ ያለችው የዐሥር ዓመት ልጄ ናት።

«ማንም አልሞተም አባዬ። ሐይቅ ዳር ሄደን ልናድርበት ነው፣ ለመዝናናት» አልኩት።

ድንኳኑን አየ፣ ቤታችንን አየ፣ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ሐምሌ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ቤት እያለ?»

«ቤት እያለ።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እነዚያ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ቢያዩን ምን ይሉናል? እነሱ ከድንኳን የሚያወጣቸው አጥተው፣ እኛ ገዝተን እንገባለን» አለ።  ከተማሪዎቼ አንዷ የምትኖረው እዚያ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ነው፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ደብተሯ ረጥቦ ትመጣለች። ባሌም ድንኳኑን አጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢ ውስጥ አልተከለውም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ባሌ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የሚያገለግል ሰው ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ አንኮበር ሳይደረስ በስተቀኝ ገባ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ ተወልዶ፣ አርሶ፣ ሚስት ቀብሮ የኖረ። እኛ ቤት ከገባ ያን ጊዜ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

የገባው በራሱ ፈቃድ አይደለም። ኅዳር ላይ ብቻውን ታሞ ሦስት ቀን ተኝቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። በሩን ሰብራ ያገኘችው ጎረቤቱ ናት። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ «ሳንባ ምች ነው፤ አንድ ቀን ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ...» አለኝና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። እሱ ያልጨረሰውን እኔ ስንት ጊዜ በልቤ ጨርሼዋለሁ። አባቴ ድኖ ሲወጣ ወደ ቤቱ አልመለስኩትም፤ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። አላማከርኩትም።

አያማርርም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ቢቆጣኝ እቆጣው ነበር። ዝም ብሎ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ይለኛል፤ እኔም በመጀመሪያ «ብርዱ ይለፍ»፣ ቀጥሎ «ፋሲካ ይለፍ»፣ ኋላ «ክረምቱ ይውጣ» እላለሁ። እሱም «እሺ» ይላል። ቁም ሳጥን ገዝቼለት ነበር፣ መስታወት ያለው። ሰባት ወር ሙሉ አንዲት ሸሚዝ አልሰቀለበትም። ልብሱን የሚያወጣው አልጋው ሥር ካለችው ሻንጣ ነው፤ ታጥቦ ሲመጣም አጣጥፎ እዚያው ይመልሰዋል። ያቺን ሻንጣ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የሽርሽሩን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። መምህር የሚያርፈው በክረምት ነው፤ ባሌም ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ፈቃድ ነበረው። አባቴ ቤት ተዘግቶበት ስለሚውል ነው የከተማው ኑሮ ያልተስማማው፣ ወጣ ብሎ ውሃና ሜዳ ቢያይ ልቡ ይመለሳል ብዬ ነው። ልጄ ደግሞ በስልክ ሰማያዊ ውሃ ዳር የተደረደሩ ድንኳኖች አይታ እንቅልፍ ነስታን ነበር።

ባሌ ላንጋኖ አለ። እኔ ወሎ ያሉትን ሐይቆች አሰብኩ። በዚህ ዘመን እኛ አገር ለሽርሽር የሚያስብ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የቦታውን ውበት ሳይሆን መንገዱን ነው። ጣርማ በርን አልፎ የሚሠራ ሹፌር ጎረቤታችን ስለ ወሎው ስንጠይቀው «ዘንድሮ ይቅርባችሁ» አለን። ላንጋኖም ለአባቴ ራቀ። የቀረልን ከከተማው አንድ ሰዓት የማይፈጀው የመስኖ ግድብ ነው። ግድብ ነው እንጂ ሐይቅ አይደለም፤ ክረምት ሲሞላ ግን ማዶው እስኪርቅ ድረስ ይሰፋል፣ ዳክዬም አለው። ልጄ «ሐይቅ ነው በሉት» አለች፣ አልነው።

ራት ላይ ይህን ስንመክር አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ድንገት ቀና ብሎ «ለመሆኑ ቦታውን የሚመርጠው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ?» አለና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ አልወዳትም።

«ምን ያስቅሃል አባዬ? ሥራዬ እኮ ነው። መሬት ነው የማስተምረው።»

«እሱስ ታስተምሪያለሽ፣ እግዜር ይስጥሽ። መሬት ማስተማርና መሬት ማወቅ ግን ለየቅል ነው።»

በቃ፣ ተነሳብኝ። ሃያ ዓመት ተምሬ ሃያ ዓመት ላስተምር ምን ቀረኝ፣ አሁንም በእሱ ዓይን በግ ስትነዳ የምትደናቀፍ ልጅ ነኝ! «እንወራረድ!» አልኩ፣ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ። ባሌ «ኧረ በማርያም፣ እባክሽ» ይላል፣ የሚሰማው የለም።

አባቴ እጁን ጠራረገ። ረጋ ብሎ «እሺ። ደህና ቦታ ከመረጥሽ ልብሴን ቁም ሳጥንሽ ውስጥ እሰቅላለሁ፤ ሁለተኛ ውሰጂኝ አልልሽም። ከተሳሳትሽ ግን ዕንቁጣጣሽ ሳይደርስ ቤቴ ታደርሺኛለሽ፤ ሳታለቅሺ፣ ሳትጨቃጨቂ» አለ።

«ተስማምቻለሁ!»

አፌ ነው የተስማማው።  ያቺ የተሰበረች በር ወዲያው ትዝ አለችኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ግን ቃሌን አልመለስኩም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከባሌ ጋር ቦታ ልንመርጥ ሄድን፤ ከወንድሙ በተዋሰው ደብል ጋቢና። እንደ ፈተና ነው የተዘጋጀሁት። ተዳፋቱን፣ የውሃውን ከፍታ፣ የንፋሱን አቅጣጫ የምጽፍበት ደብተር ይዤ ነበር። አንደኛው ቦታ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ መብረቅ ፈርቼ ተውኩት። ሁለተኛው ግድቡ አጠገብ ሜዳ ነው፤ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ስለሆነ ጭቃውና እበቱ አያስቆምም። ሦስተኛውን ሳይ ግን ደብተሬን ዘጋሁት። ከኋላው ጉብታ ንፋሱን ይከልላል፣ መሬቱ በመጠኑ ወደ ውሃው ያዘነበለ ነው፣ ሣሩ ለስላሳ፣ እኩል የበቀለ። አንድ እበት የለበትም! አንድ የበግ በጠጥ እንኳ!

«ይኸውልህ ቦታ ማለት!» አልኩት ባሌን። እሱም ፎቶ አነሳው። ዳሩ ላይ ሰው ያቆመው አንድ እንጨት ነበር፤ ጫፉ ላይ ጣት የሚያህል ሣር ተጎንጉኖ ታስሮበታል። ባሌ «ምንድነው?» ሲለኝ «የእረኞች ጨዋታ ነው» አልኩት። እንዴት እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ሰዎች አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት ይህንን ነው።

ፍልሰታ ተፈቶ ሳምንት እንደሆነ ሄድን። አባቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስንደርስ ሣሩ ከጉልበት በታች ደርሶ ነበር፤ ንፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሳል። ልጄ እልል ብላ ወረደችና ተንከባለለችበት። አባቴ አልወረደም። በመስኮቱ ሣሩን አየ፣ ዳሩን አየ፣ እንጨቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«እህስ አባዬ?» አልኩት፣ ወገቤን ይዤ።

«ጥሩ ሣር ነው» አለ።

«ቦታውንስ?»

«ጥሩ ሣር ነው አልኩሽ እኮ።»

ይህንን እንደ ማሸነፍ ቆጠርኩት። ድንኳኑን ተከልን፤ ባሌ ጭቃ የነካው ካልሲውን አጥቦ ያቺ ሣር የታሰረባት እንጨት ላይ ሰቀለ። የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በላን። ውሃው ላይ ዳክዬዎቹ መጡ፣ ልጄ ቆጠረቻቸው፣ በረሩባት፣ እንደገና ቆጠረቻቸው። አባቴ ድንኳኑ በር ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ሣሩ ላይ እንዳልተቀመጠ፣ ሲራመድም መኪናው ሣሩን ባስተኛበት መስመር ብቻ እንደሄደ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ማታ ጋቢውን አልብሼው «እንግዲህ ልብስ መስቀያ ልገዛልህ ነው» ስለው «ነግቶ ይታያል» አለኝ።

ነጋ። ገና ሻይ ሳናፈላ ከጉብታው ላይ የሴት ጩኸት ሰማን። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ የጎማ ቦቲ የተጫማች፣ ረዥም ዱላ የያዘች ሴት እየተንደረደረች ወረደች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ እናንተ? ጤናም የላችሁ? ክልክል እኮ ነው ይሄ! ከሰኔ ጀምሮ በተራ፣ በዝናብ፣ በውርጭ የጠበቅነው ክልክል! ጥጃችን እንኳ እዚህ ዳር ስታልፍ በገመድ ይዘን ነው! መኪና ነዳችሁበት? ለበጋ ድርቆሹን እናንተ ልትሰጡን ነው ለከብቶቻችን?»

ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ላይ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል ሆንኩ። ክልክል! ክረምት ሲገባ መንደሩ ተሰብስቦ አንዱን መስክ ይከለክላል። መስከረም አልፎ እስኪታጨድ ድረስ ከብት አይገባበትም፣ ሰው አይረግጠውም፣ መንደርተኛው በተራ ይጠብቀዋል። ምልክቱም እንጨት ላይ የታሰረ ሣር ነው። ይህን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። እኔም አውቀው ነበር፤ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ እንጨት ሳይ ዞሬ ነበር የምሄደው። እበት የሌለበት ለስላሳ ሣር አገር ውስጥ ያለ ምክንያት ይቀራል ብዬ ማመኔ! አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላሉ፤ እኔ በሙያዬ መሃል አረም ሆኜ ተገኘሁ።

«ማነው እዚህ ያሳረፋችሁ? ተናገሩ እንጂ! ማነው ትከሉ ያላችሁ?» አለች ሴትዮዋ፣ በዱላዋ ድንኳኑን እየጠቆመች። ባሌ ቀስ ብሎ ካልሲውን ከእንጨቱ ላይ ያወርዳል። ልጄ ቀሚሴን ይዛለች። 

አባቴ ከድንኳኑ በእጁም በእግሩም እየዳኸ ወጣ፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው። ዱላውን ተደግፎ ቆመና ጋቢውን አስተካከለ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለ።

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ። እነሱ የከተማ ልጆች ናቸው፣ የሚያውቁት የለም። እዚህ ትከሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ እጁን አየችው፣ እግሩን አየችው። እርፍ ጨብጦ የኖረ እጅ አይደበቅም። «የባላገር ሰው አይደሉም እንዴ አባቴ? ምልክቱ እንዴት ጠፋዎት?»

«ዓይኔ ደክሟል።»

«ለመርገጥ ሲሆን አልደከመም! ሽበትዎ አያሳፍርዎትም?» አለችው።

አባቴ አንገቱን ደፋ።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ አባቴ መንደሩ ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት የክልክል ዳኛ ነበር። የማን በሬ ገባ፣ የማን በግ አለፈ ሲባል የሚፈርደው እሱ ነው። አንዴ የራሱ ላም ገብታ ራሱን ቀጥቷል፤ እናቴ ሁለት ቀን አኩርፋዋለች። ዓይኑም ቢሆን እስካሁን ማዶ ተራራ ላይ ያለች በግ ነጭ ትሁን ጥቁር ይለያል። ያ ሰው ነው እኔ በናቅሁት እንጨት ምክንያት፣ በማያውቃት ሴት ፊት አንገቱን የደፋው። «አይ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አንገቱን እንደደፋ በጎን አየኝና ጭንቅላቱን ትንሽ ነቀነቀ፣ ዝም በይ ነው። እኔም ዝም አልኩ። አሁንም ድረስ ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ከዚያ አባቴ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ መናገር ጀመረ፣ ሕጉን ግን ያውቀዋል። «ቅጣቱን ተቀብያለሁ። እናንተ ዘንድ ቅጣቱ ምንድነው፣ ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ዱላዋን መሬት አስነካች። በታችኛው ጫፍ ክልክሉን የሚያጥረው ካብ ፈርሶ ኖሯል፤ ከብት የሚሾልከው በዚያ ነው፤ ያጠፋ ሰው አንድ ቀን ካብ ይክባል አለች።

ስለዚህ ሽርሽራችንን በካብ ሥራ አሳለፍነው። ባሌና እኔ ድንጋይ ተሸከምን፣ ልጄ ትናንሾቹን ለቀመች፣ አባቴ ቁጭ ብሎ ያዛል፤ «ያንን አዙረው። ሆዱን ወደ ውስጥ። አይደለም እንጂ፣ ሆዱን!» ባሌ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንጂ ድንጋይ ለይቶ አያውቅም፤ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ «እሺ አባባ» ይላል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቆማ ጠበቀችን፣ ቀጥሎ ተቀመጠች፣ ቀትር ላይ የተቀቀለ ድንች በጨውና በሚጥሚጣ ይዛ መጣች። ካቡን ዞራ አየችው፣ በእግሯ ገፋችው፣ አልነቃነቅም አላት።

«እንዲህ ያለ ካብ የሚያስክብ ሰው ክልክል ጠፋኝ ይለኛል» አለችና አባቴን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የገባት ይመስለኛል። ልትሄድ ስትል በመንገድ ዳር ያለ ጠጠራም ገላጣ መሬት አሳየችን። ያስጠላል፤ ሣር የለው፣ ምን የለው። «እዚህ ማንም አይናገራችሁም። ውሃም አይተኛበትም» አለች። ያን ማታ ዶፍ ወረደ፣ ጠብታ አልገባብንም።

ከዝናቡ በፊት እኔና አባቴ ውሃው ዳር ተቀመጥን።

«ስታየው ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«ከመኪናው ሳልወርድ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነዋ» አለ። «ውርርድ አይደል? ብነግርሽ ትነቅዪውና ደህና ቦታ ትተክዪው ነበር። ሰው አይመጣም፣ ጠዋት ለብቻሽ አሳይቼሽ እስቅብሻለሁ ብዬ ነው። ተራ ጠባቂዋ ንቁ ሆነችብኝ።»

«ታዲያ መጣችልህ አይደል? ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«እንዴ! ልጄን ሰው ሲያዋርዳት ቁጭ ብዬ ላይ?»

 ከዚያ «እንግዲህ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ ብያለሁ፤ በሰው ፊት ነው ያልኩት፣ አላጥፈውም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም። ውርርዱን በልተሻል» አለ፤ ትንሽ ጠጠር አንስቶ ውሃው ውስጥ ጣለ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ይቀርልኛል፣ አጠገቤ ይሆናል፣ በር የሚሰብር ሰው አያስፈልግም። አልኮራበትም፣ ግን እንዲያ ነበር።

ቤት በገባን በማግሥቱ ከገበያ ስመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አባቴ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሟል። ሸሚዙን መስቀያ ላይ ሊያደርግ ይታገላል፤ አልለመደውም፣ አንዱ ትከሻ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ኮቱ ተሰቅሏል። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ተሰቅሏል። ሻንጣዋ ባዶዋን አልጋው ላይ ተከፍታለች። እኔ ለስምንት ወር የለመንኩት ነገር ይኸው ነበር፣ ሳየው ግን አንጀቴን በላው። ያልፈለገውን ነገር ቃሉን ላለማጠፍ ብሎ በየተራ ሲሰቅል ቆሜ ማየት አቃተኝ።

ገባሁና ሸሚዙን ከእጁ ተቀበልኩት። አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጥኩት። ኮቱን አወረድኩ። ጋቢውን አወረድኩ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አለኝ።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አባዬ። ሴትዮዋ እዚህ ብትኖር ለእሷም እነግራት ነበር። ዕንቁጣጣሽ ሳይደርስ ነው የተባባልነው።»

«እኔ እኮ ብያለሁ...»

«አንተ ዋሽተሃል!» ብዬ ጮህኩበት። «ዳኛ ሆነህ ዋሽተሃል፣ ለእኔ ብለህ ዋሽተሃል፣ ሁለተኛ እንዳትዋሽልኝ!» አለቀስኩ። ውርርዱ ላይ ሳታለቅሺ ብሎኝ ነበር፤ እሱንም አፈረስኩት። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አቀበለኝ።

የጳጉሜን ሁለተኛ ቀን፣ ያችው ደብል ጋቢና፣ እኛው አራታችን። ጎረቤቱን ቀድሜ በስልክ አነጋግሬያታለሁ፤ ያቺ በሩን የሰበረችው ናት። ትርፍ ቁልፍ እሷ ዘንድ ይቀመጣል፣ ጠዋትና ማታ ብቅ ትላለች፤ እሱ ደግሞ በየምሽቱ ይደውልልኛል፣ ካልደወለ ባለበት እመጣለሁ። አባቴ ይህን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» አለ፤ ልቡ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ መንደሩ ስንታጠፍ ገና ሳንደርስ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

ቤቱ ግን ተጎድቶ ጠበቀን። ክረምቱ ከጓዳው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ገልጦታል፤ ወለሉ ረጥቧል፣ አልጋው ረጥቧል። ጎረቤቱ «እኔ ዘንድ እደሩ» አለች።  መልሼ ልውሰደው፣ ይኸው ምክንያት፣ ማንም አይፈርድብኝም፤ ይህ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ሻንጣዋ ገና መኪናው ላይ ናት። አባቴም ያሰብኩትን አውቆ ጠበቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈራ አየሁት፤ የፈራው እኔን ነው።

«ድንኳኑን አውርደው» አልኩት ባሌን። «ነገ ቆርቆሮውን ትመታዋለህ። ዛሬ ግቢው ውስጥ እናድራለን።»

ባሌ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ በሩ አጠገብ ወዳለው ለስላሳ ሣር ሲሄድ አባቴ በዱላው አስቆመው። «እዚያ አይደለም። እዚያ ውሃ ይወርዳል።» ግቢውን ዞረ። መሬቱን በዱላው ወጋ ወጋ አደረገ፣ አንድ ቦታ ቆመ፣ እግሩን መታ መታ አደረገበት። «እዚህ» አለ።

«ለምን እዚያ አባባ?» አለችው ልጄ።

«አያትሽ ድርቆሽ የምትከምረው እዚህ ነበር። ሠላሳ ክረምት አንዴም አልረጠበባትም።»

ተከልነው። አባቴ ሳይጠየቅ ብረቱን ገጠመ፣ ከባሌ ፈጥኖ ለምዶታል። ሲያልቅ ሻንጣውን ራሱ ከመኪናው አውርዶ ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደሚያፈሰው ቤቱ አስገባት፤ ደረቅ ጥግ ፈልጎ ልብሱን እያወጣ በግድግዳው ላይ በተመቱት የእንጨት ችካሎች ላይ ይሰቅል ጀመር። ኮቱ አንድ ችካል፣ ጋቢው አንድ ችካል፤ አንዱም አልወደቀበትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ባዶዋን ሻንጣ ዘጋና አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«መልሰሽ ውሰጃት» አለኝ። «ለከርሞም ቦታ ፍለጋ አትንከራተቺ፤ ቦታው ይኸው ነው።»